ሳፋው ውስጥ የቀረው ቢላ

ይህ የአንድ ወጥ ቤት ጉዳይ ነው። ወጥ ቤቱ የአክስቴ ነው። ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ስምንት ጠረጴዛ የያዘች ምግብ ቤት አለቻት። ጠዋት ፍርፍርና እንቁላል ይቀርባል። ምሳ ላይ ጥብስ፣ ክትፎና ሽሮ አለ። የጾም ቀን በያይነቱ ነው።

እኔ ወደዚያ የሄድኩት በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አክስቴ «ና አግዘኝ» ስትለኝ ልብሴን፣ አንድ የ20 ሳንቲ ሜትር ቢላዬንና የመሳያ ድንጋዬን ይዤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድኩ። የሆቴል ሰው ነኝ ብዬ ትንሽ ኮራ ብዬም ነበር። ኩራቱ አንድ ወር አልቆየም።

የምጽፈው ስለ ቢላ ነው። ስለ አቆራረጥ አይደለም። ሥራ ሲያልቅ ቢላው የት ያድራል? ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የማወራው ጥፋቱ የኔም ስለሆነ ነው።

ስድስት ቢላ፣ አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ መሳቢያ

ስደርስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ስድስት ቢላ ነበር። አንዱ ትልቅ ካራ ነው። ብረት ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው። አክስቴ ከአማቷ የወረሰችው ነው፤ ሥጋ የሚበለተው በእሱ ብቻ ነው። ሁለቱ የእንጨት እጀታ ያላቸው፣ «አይዝጉም» ተብለው የተገዙ ቢላዎች ናቸው። አንዱ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ። የቀሩት ሁለቱ ከሱቅ የሚገዙ፣ ቀጫጭን፣ የፕላስቲክ እጀታ ያላቸው። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ቀይ። ሽንኩርቱን ሁሉ የሚልጡት እነሱ ናቸው።

የሚያድሩበትን ልንገራችሁ። ሰማያዊውና ቀዩ ከጭልፋና ከማማሰያ ጋር የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይቆማሉ። ጫፋቸው ወደ ላይ። የዳቦው ቢላና ሁለቱ «የማይዝጉት» መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ከሹካ፣ ከጠርሙስ መክፈቻ፣ ከክብሪትና ከሻማ ጋር። ካራው በጋዜጣ ተጠቅልሎ መደርደሪያው አናት ላይ ይተኛል።

ሻማ ያልኩትን ልብ በሉ። መብራት ሲጠፋ፣ በጨለማ፣ ሁሉም እጁን የሚሰደው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ዓይኔ ያረፈው ስለታቸው ላይ ነበር።

ስለት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ቲማቲም ላይ ሲያርፉ ይጨፈልቁታል እንጂ አይቆርጡትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስለት ማለት ከጸጉር የቀጠነ የብረት ጠርዝ ነው። መሳቢያው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ከሹካና ከመክፈቻ ጋር ይጋጫል። ወይ ይታጠፋል ወይ ይሸረፋል። ማንም ሳይነካው፣ ተኝቶ ይዶለዱማል።

ደነዝ ቢላ ደግሞ የዋህ አይደለም። ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበት ሲበዛ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ጣት ላይ ያርፋል። ዋናዋ ወጥ ሠሪ አውራ ጣቷ ላይ ሁለት የቆዩ ጠባሳዎች አሏት፤ ሁለቱም የሰማያዊው ቢላ ሥራ ናቸው። ግን ወጥ ቤቱ ከደነዝ ቢላ ጋር ተላምዶ ነበር። ሲያቀባበሉ በስለቱ በኩል ጨብጠው ይሰጣጣሉ። ሲጠርጉት በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ስለቱ ምንም አይላቸውም።

እሮብ ማታ ደንበኛ ሲቀንስ ድንጋዬን ውሃ ነከርኩ። የልስላሴ ቁጥሩ 1000 የሆነ፣ ለወጥ ቤት ቢላ የሚበቃ ድንጋይ ነው። ጥርሳሙን የዳቦ ቢላ ትቼ ሌሎቹን ስድስቱን፣ የኔንም ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ሳልኳቸው። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ሳይቸኩሉ፣ በሁለቱም ፊት። ካራው ብቻውን አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ወረቀት በአየር ላይ ይቆርጡ ነበር። «ተስለዋል፣ ተጠንቀቁ» አልኩ።

ከዚያ አምስቱን ወደየቆርቆሯቸው፣ ወደየመሳቢያቸውና ወደ ጋዜጣቸው መለስኳቸው። የኔን ማስቀመጫ ስላልነበረው ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።

ሐሙስ

ሐሙስ ጅማ ውስጥ የገበያ ቀን መሆኑ የቆየ ነገር ነው። በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይጠራ ነበር። ለአክስቴ ቤት ሐሙስ ማለት ከሌላው ቀን በእጥፍ የሚበዛ ምሳ ነው። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጠረጴዛ ሁሉ ሞልቶ፣ ሁለት ኪሎ ጥብስ ታዘዘ።

ሥጋውን በኔ ቢላ ከታተፍኩ። ሳህን ፈለግኩ። ጠረጴዛው ላይ ቦታ አልነበረም። ቢላውን ዕቃ የሚታጠብበት ሳፋ ውስጥ ከሳህኖቹ ጋር ከተትኩት። ሳፋው በአረፋ ተሸፍኗል። ይህን ያደረግኩት ሆቴል ውስጥ ለአዲስ ገቢ ሁሉ «ቢላ ሳሙና ውሃ ውስጥ አይጣልም» እያልኩ 6 ዓመት ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ዕቃ አጣቢዋ ልጅ እጇን ሰደደች። አልጮኸችም። በጣም የተሳለ ቢላ መጀመሪያ አያምም። አረፋው ሮዝ ሲሆን ነው ያየችው። ሌባ ጣቷና የመሀል ጣቷ፣ ከውስጥ በኩል።

«ቡና! ቡና አምጡ!» አለ አንድ ሰው። ጅማ ነን፤ የተፈጨ ቡና ከጓዳ አይጠፋም። እኔ ደርሼ «ተዉ» ከማለቴ በፊት ሁለት ማንኪያ ተነሰነሰበት። ከዚያ በኋላ የሠራነው ትክክል ነበር። ንጹሕ ፎጣ ጣቶቿ ላይ ጠቅልለን፣ እጇን ከልቧ ከፍ አድርገን፣ 15 ደቂቃ ያህል ሳንለቅ ተጫንን። «ቆመ ወይ?» እያሉ ፎጣውን እየገለጡ ማየት መርጋት የጀመረውን ደም እንደገና ይቀሰቅሰዋል። አክስቴ ሦስቴ ልትገልጥ ስትል ሦስቴ እጇን ያዝኩት።

ጤና ተቋም ወሰድናት። ባለሙያው ቁስሉን ከሰፋበት ጊዜ ይልቅ ቡናውን ያጠበበት ጊዜ ይረዝማል። እየተቆጣ አልነበረም፤ የለመደው ይመስላል። ዱቄቱ ደሙን ያቆመ ይመስላል እንጂ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ጥልቀቱንም ይሸፍናል አለን። ቀጥሎ ጣቶቿን አንድ በአንድ እንድታጥፍ አደረጋት። ጫፋቸውን በጥጥ እየነካ «ይሰማሻል?» አላት። ጣት ካልታጠፈ ጅማቱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ከደነዘዘ ደግሞ ነርቩ ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአራት ስፌት የሚያልቁ ነገሮች አይደሉም። የእሷ በአራት ስፌት አለቀ። ጣቶቿ ይታጠፋሉ፣ ይሰማቸዋል። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ተወግታ ወጣን። 12 ቀን ሥራ አልገባችም፤ ደሞዟ አልተቆረጠም።

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻችንን ስንቀር አክስቴ ጸጥ ብላ ቆየችና፣ «አንተ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ይዘኸው የመጣኸው ሙያ ይሄ ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ካርቶን

በማግስቱ «ማን ሳፋ ውስጥ ጣለው?» የሚለው ጥያቄ ቤቱን ሲዞር ዋለ። «እኔ» አልኩ። ነገሩ ግን እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ መፍትሔው «ሁለተኛ አልጥልም» ማለት ብቻ ይሆን ነበር። ሁለተኛ ሐሙስ ሲመጣ፣ ጠረጴዛው ሲሞላ፣ ደግሜ እጥለው ነበር። ምክንያቱም የኔ ቢላ እዚያ ቤት ውስጥ ማደሪያ አልነበረውም። የሌሎቹም ማደሪያቸው ማደሪያ አይባልም። ስለት አወጣሁላቸው እንጂ ቦታ አላወጣሁላቸውም። መሳልና ማስቀመጥ አንድ ሥራ ነው። እኔ ግማሹን ሠርቼ እጄን ታጠብኩ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ነገር ተስማማን። ቢላ ሳፋ አይገባም፤ የተጠቀመበት ሰው ራሱ ለብቻው ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ያስቀምጠዋል። ቢላ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ከጠረጴዛ ያነሳዋል። እናቴ ድሮም እንዲህ ነበር የምታደርገው፣ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ሦስተኛው፣ ቢላ ሲወድቅ ማንም አይቀልበውም። እግርን ሰብስቦ ወደ ኋላ ማለት ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ እጅ ግን ሳይታዘዝ ነው የሚዘረጋው።

ማደሪያውን በተመለከተ፣ በእጃችን ያለው ካርቶን ነበር። የዘይት ካርቶን ወፍራም ነው። በቢላው ልክ አጥፎ፣ የቢላውን ጀርባ እጥፋቱ በኩል አድርጎ፣ ክፍት የሆነውን ጎን በሰፊ ፕላስተር ማሸግ ነው። ስለቱ የሚያርፈው ፕላስተሩ በኩል ስለሆነ እዚያ አንድ ቀጭን የካርቶን ክር ደርቤ አስገባሁ። አለዚያ ስለቱ ፕላስተሩን በሁለት ቀን ይበጥሰዋል። ስቴፕለር አልነካሁም፤ ሽቦው ስለት ይሸርፋል። ሰባቱም አፎት ለበሱ። ሻማና ክብሪቱ ከመሳቢያው ወጥተው በር አጠገብ የራሳቸው ቦታ ተሰጣቸው።

ሁለት ሳምንት ደስ ብሎን ሠራን። ለደረቅ አገር፣ ወይም ቢላ ይዞ መንገድ ለሚሄድ ሰው፣ የካርቶን አፎት አሁንም አይከፋም። ጅማ ግን ደረቅ አገር አይደለም።

እርጥበቱ

ከተማው 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዓመት የሚጥልበት ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በክረምት ጨው በራሱ ይረጥባል፣ ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሻግታል። ካርቶን ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ቢላው ትንሽ እርጥበት ይዞ ከገባ ካርቶኑ እንደ እርጥብ ጨርቅ አቅፎት ያድራል። በሦስተኛው ሳምንት «አይዝጉም» የተባሉት ሁለቱ ቢላዎች ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ።

አክስቴ ባለሱቁን ረገመች። ባለሱቁ ግን ብዙም አልዋሸም። የማይዝግ ብረት የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል። ብረቱን የሚጠብቀው ያ ሽፋን ነው። ቶሎ አይዝግም ማለት እንጂ ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይደለም። ጨውና ክሎሪን ሽፋኑን ይበሱታል።

ክሎሪኑ ከየት መጣ? ከበረኪና። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ከአደጋው በኋላ ቢላዎቹን «ደም ነክቷቸዋል» ብላ በረኪና በገባበት ውሃ ዘፍዝፋ አሳድራቸዋለች። በቅን ልቦና ነው። ግን ነጠብጣቦቹ ዝገት ብቻ አልነበሩም፤ እንደ መርፌ ጫፍ የተበሱ ቀዳዳዎች ነበሩ። ለቢላ ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ወዲያው ማለቅለቅና ማድረቅ ይበቃል። ሎሚና ቲማቲም የቆረጠ ቢላም እንዲሁ፤ «ቆይቼ አጥበዋለሁ» ተብሎ አይቆይም።

የካራው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። እስከ ነሐሴ 15 ሥጋ የለም፤ ካራው ሥራ ፈታ። አክስቴ እንደ ልማዷ በጋዜጣ ጠቅልላ መደርደሪያው ላይ አወጣችው። በእርግጥ ሳትቀባው አልተወችም። ኑግ ዘይት ቀብታዋለች። ጾሙ ተፈታ፣ ጋዜጣው ተፈታ። ካራው ላይ የወጣው ዝገት የተነሰነሰ በርበሬ ይመስላል። ዘይቱ ደግሞ እንደ ሙጫ ተጣብቆ አቧራ ይዟል።

የባሌስትራ ብረት ካርቦን የበዛበት ነው። ጠንካራ ስለት ይይዛል። ክሮሚየም ግን እንደዚያኛው ስለሌለው ዝገትን የሚከላከልበት ጋሻ የለውም። ጋዜጣ እርጥበት ስቦ ያቀብለዋል። ኑግ ደግሞ ከአየር ጋር ሲቆይ እየወፈረ የሚጣበቅ ዘይት ነው። ለወጥ የሚጣፍጠው ለብረት ማሰንበቻ አይሆንም። ለብዙ ቀን ለሚቀመጥ ካራ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይሻላል። በጣም ስስ አድርጎ፣ በደረቅ ብረት ላይ። ከመጠቀም በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ ነው። በኋላ በዐቢይ ጾም፣ 55 ቀን ሙሉ፣ ካራው እንዲህ ሆኖ ተቀምጦ በትንሣኤ ንጹሕ ወጣ።

ያን ቀን ግን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ አጥቤ፣ እንደገና ሳልኩት። ስለቱ ከሁሉ ቀጭን ስለሆነ ዝገት መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። ካራው ላይ ጥቂት ቦታ ተበልቷል።

እዚህ ላይ አያቴ ትዝ አለችኝ። ገጠር ቤቷ ቢላ የምትሰካው ከምድጃው ወዲያ፣ ግድግዳና ጣራው በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ነበር። ልጅ አይደርስበትም፣ ጭሱ ያደርቀዋል፣ አየር ያገኛል። ጫፉ ጭቃ ውስጥ መግባቱ ለንጽሕና አይመከርም። ከኔ ካርቶን ግን በብዙ ይሻል ነበር።

ማግኔት በጭቃ ግድግዳ

ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ የማግኔት መደርደሪያ ላከልኝ። ሆቴል ውስጥ የምንጠቀምበት ዓይነት፣ 40 ሳንቲ ሜትር። ግድግዳ ላይ ይታሰራል፤ ቢላው ይለጠፍበታል። አየር በሁሉም በኩል ያገኛል፣ ውሃ አይቋጥርም፣ ሁሉም በዓይን ይታያል። አለጣጠፉም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ጀርባውን አስነክቶ ቀስ ብሎ ወደ ጎኑ ማስተኛት ነው። ሲነሳ ደግሞ በተቃራኒው፣ መጀመሪያ ስለቱን ማላቀቅ። ቀጥ አድርገው ቢያላትሙት ስለቱ ብረት ላይ ይጋጫል።

ችግሩ ግድግዳው ነው። የአክስቴ ወጥ ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ ከላይ በሲሚንቶ ተለስኗል። ፊሸር መትቼ በቪቴ አሰርኩት። ያዘ። ብሎኬት ላይ እንደሚይዘው ያዘ ብዬ አመንኩ። በአምስተኛው ሌሊት ከባድ ነገር የወደቀ ድምፅ ሰማን። ጠዋት ስንገባ ማግኔቱ ከነፊሸሩ፣ ከነልስኑ፣ ወለል ላይ ነው። አምስት ቢላ በየአቅጣጫው ተበትኗል። አንዱ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተተክሏል። የኔ ቢላ ጫፉ ተቀንጥሷል።

ሰው አልነበረም። በቀን ቢሆንስ? አክስቴ አልተናገረችም። መጥረጊያውን አንስታ ሰጠችኝ።

ለማግኔቱ ፍትሕ ልስጠው። የብሎኬት ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ላለው ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። ትንሽ ልጅ የማይደርስበት ከሆነ፣ ከበር ጀርባና ከመተላለፊያ ከራቀ። ጥፋቱ ግድግዳዬን አለመጠየቄ ነው።

ዋንዛ

አክስቴ ናት «ከሰው ቤት ዕቃ ከምታስመጣ እዚህ ያለውን አናጺ አትጠይቅም?» ያለችኝ። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀ አገር ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ የማያውቅ የለም። እኔ ግን የሆቴል ሰው ነኛ!

አናጺው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሄጄ የሆቴሉን ዓይነት የእንጨት የቢላ ሣጥን ንድፍ አሳየኋቸው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ቢላው ከላይ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባበት። አገላብጠው አዩት።

«ውስጡን በምን ታጥበዋለህ?» አሉኝ።

«አይታጠብም፣ ጋሼ። ንጹሕ ቢላ ነው የሚገባበት።»

«የኛ ክረምት ውስጥ? ይሻግታላ!»

ልክ ናቸው። የተዘጋ ቀዳዳ ታቹ አይታይም፣ አየር አይገባውም። ትንሽ ውሃና የሥጋ ፍርፋሪ ከወረደበት እዚያው ይቀራል። ክትፎ በሚሠራበት ቤት ይህ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ጥሬ የሚበላ ሥጋ የነካ ቢላ የሚያድርበት ቦታ መታጠብና መድረቅ አለበት።

ንድፉን እሳቸው ቀየሩት። ታች የሌለው ሣጥን አስቡ። አንድ የኋላ ሳንቃ፣ አንድ የፊት ሳንቃ፣ በመሀላቸው ቀጫጭን መለያዎች። ቢላው ከላይ በክፍተቱ ይወርዳል፤ እጀታው አፉ ላይ ይቀራል። ስለቱ በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል ተሸሽጎ ይንጠለጠላል። ታቹ ክፍት ስለሆነ ውሃ ይንጠባጠባል፣ አየር ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል። ውስጡም ከነፍርፋሪው በብሩሽ ይታጠባል። ሳንቃዎቹ ከረጅሙ ቢላ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይተርፋሉ፤ ከስር እጁን የሚሰድ ሰው ጫፍ እንዳያገኘው።

ክፍተቱን 4 ሚሊ ሜትር አደረጉት። የቢላዎቹ ጀርባ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሳይፋተጉ ይገባሉ። ለካራው ብቻ 7። ቢላ ማደሪያው ውስጥ ሲገባ ስለቱ እንጨት እየከረከረ ከገባ፣ በቀን ሃያ ጊዜ ሲገባ ሲወጣ ሃያ ጊዜ ይዶለዱማል። ይህን ስነግራቸው ክፍተቶቹን ከፊት ትንሽ ሰፋ፣ ከኋላ ጠበብ አደረጓቸው። ቢላው ጀርባውን ተደግፎ ነው የሚቆመው።

የእንጨቱ ነገር ረጅም ወሬ ሆነ። እኔ ዋጋ ለመቀነስ ባሕር ዛፍ አልኩ። እሳቸው ሳቁብኝ። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። 4 ሚሊ ሜትር የተባለው ክፍተት በወሩ ወይ 2 ወይ 6 ይሆናል። ዋንዛ ይሻላል አሉ። ለሥራ ይገራል፣ ብዙ አይጣመምም፣ ከባድ አይደለም፣ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመት ያለፈው ደረቅ ሳንቃ ነበራቸው። ለመድረቁ ማስረጃ ሁለት ሳንቃ አንሥተው አጋጩልኝ። ደረቁ ይጮኻል፣ እርጥቡ «ዱብ» ይላል። እስከዛሬ እንጨት ስገዛ እንደዚያ አደርጋለሁ፤ ልዩነቱ እየገባኝ ይሁን እያስመሰልኩ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሚስማር ስለቱ በሚያልፍበት ቦታ አልገባም፤ መለያዎቹ በኮላና በእንጨት ችንካር ተያዙ። በብርጭቆ ወረቀት ለሰለሱ። ቫርኒሽ ከውጭ ብቻ ተቀባ፤ ውስጡ ባዶ እንጨት ነው።

አሰቃቀሉ ላይ ከማግኔቱ ተምሬያለሁ። ጭቃውን አልነካሁም። የቤቱን ቋሚ እንጨት መትቼ በድምፁ ፈለግኩና በሁለት ረጃጅም ቪቴ እዚያ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ከሳንቃው ስር በሁለት እጄ ይዤ ተንጠለጠልኩበት። አክስቴ አሁን ከነቤቱ ይወርዳል ብላ ወጣች። አልወረደም።

ቦታው የተመረጠው በክርክር ነው። ከምድጃው በላይ? እንፋሎትና ቅባት ይለብሰዋል፣ እሳት ላይ ተንጠራርቶ ቢላ ማንሣትም ጥሩ አይደለም። ከሳፋው አጠገብ? ውሃ ይረጨዋል። በር አጠገብ? ሰው ይገፈትረዋል። መጨረሻ ላይ መክተፊያው ካለበት ጠረጴዛ በስተቀኝ፣ አፉ ከወለል 1.50 ሜትር ሆኖ ተሰቀለ። ቆራጩ ሳይራመድ ይደርስበታል። የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ አራት ዓመቱ ነው፣ አይደርስበትም። ስሩ የነበረውን የጅማ በርጩማ አነሣነው፤ እሱን ተራምዶ ሊወጣ ይችል ነበር። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሌላ ወንበር እየጎተተ መጣ። ስለዚህ ማታ ወጥ ቤቱ ይቆለፋል። ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

እያንዳንዱ ቢላ የራሱ ክፍተት አለው፤ ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም። ካራው ዳር ላይ፣ ቀጥሎ የኔ፣ እንዲህ እያለ ሰማያዊውና ቀዩ መጨረሻ። መብራት ሲጠፋ እጀታቸውን በመዳበስ ብቻ ይታወቃሉ። ባዶ ክፍተት ካለ ደግሞ አንድ ቢላ የሆነ ቦታ ተጥሏል ማለት ነው፤ ሳይገኝ ማንም ሳፋ ውስጥ እጁን አይሰድም። ዕቃ አጣቢዋ ልጅ ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት። ስፌቷ ተፈትቶ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ክፍተቶቹን መቁጠር ነበር።

ከዚያ ወዲህ

በአዲስ ዓመት ሰሞን አንድ ቀን በግ ታርዶ፣ ዶሮ ተበልቶ፣ ሰባቱም ቢላ ከንጋት እስከ ማታ ሲሠሩ ዋሉ። ማታ ሰባት እጀታ ቆጠርን። የተቆረጠ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ከዚያ ወዲያ ስፌት የሚያሻ ቁስል አልደረሰም። ትንንሽ ጭረት ግን አለ፤ ወጥ ቤት ነው።

ቢላዎቹን አሁን በየሳምንቱ በሞረድ አለፍ አለፍ ማድረግ ይበቃቸዋል። ድንጋይ ላይ የሚወጡት በሁለት ወር አንዴ ነው። መሳቢያ ውስጥ ሲያድሩ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሳምንትም አይቆዩም ነበር። የማይዝጉት ላይ አዲስ ነጠብጣብ አልወጣም፤ አሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ግን አይጠፉም።

ማደሪያው ራሱም እንከን አለው። ካርቶኑን ያበላሸው እርጥበት ዋንዛውንም ይነካዋል፤ በክረምት እንጨቱ ትንሽ ያብጥና የዳቦው ቢላ ክፍተት ይጠብባል። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ አውርደን፣ በሳሙና ብሩሽ አድርገን፣ ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን። ፀሐይ ከሌለ ምድጃው አካባቢ። ያን ቀን ቢላዎቹ በየካርቶናቸው ይውላሉ፤ ካርቶኑን ለዚያ ብዬ አስቀርቼዋለሁ።

የዱቄት ወተት ቆርቆሮው አሁንም ጭልፋና ማማሰያ ይዞ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ። ባለፈው ሳምንት ሰማያዊው ቢላ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ውስጡ ቆሞ አገኘሁት። ማን እንዳደረገው ስጠይቅ ሁሉም ዝም አሉ። ዕቃ አጣቢዋ ልጅ ብቻ በዓይኗ ወደ አክስቴ አመለከተችኝ።

«ለአንድ ደቂቃ ነው» አለች አክስቴ። «እጄ ሞልቶ ነበር።»